ቀኑን ቀይሩ፣ ስህተቱን አትንኩ

አሮጌ ጽሑፍ ማደስ ድካም የሚመስለው የዋህ አለ። ሄዶ ያያል፣ ይጠይቃል፣ ያመሳክራል፤ ከዚያም «ቀድሞ እንዲህ ተብሎ ነበር፤ ስህተት ነው» ብሎ ይጽፋል። ምስኪን! ሙያው ይህን ሁሉ ልፋት አይጠይቅም። ርእሱንና ቀኑን መቀየር ይበቃል።

በቡራዩ ያለችውን ገፈርሳንና ጎረቤቶቿን እንውሰድ። በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ገላንና ለገጣፎ ለገዳዲ በሸገር ከተማ ሥር ሲጠቃለሉ ለአዳሾች ሠርግና ምላሽ ሆነላቸው። «በፊንፊኔ ዙሪያ ልዩ ዞን የምትገኝ ከተማ» የሚለው ወጥቶ «የሸገር ከተማ ክፍለ ከተማ» ገባ፤ ሽፋኑ ላይ አዲስ ዓመተ ምሕረት ተጻፈ፤ «ተሻሽሎ የቀረበ» ተባለ። አለቀ። ገጹን ገለጥ ያደረገ ግን የሕዝቡን ብዛት የ1999 ሆኖ ያገኘዋል። ቡራዩም አሁን ድረስ ከአዲስ አበባ «ርቃ የምትገኝ» ናት፤ በኬላ በኩል የሚያልፍ ተሳፋሪ ግን አዲስ አበባ የቱ ላይ አልቃ ቡራዩ የቱ ላይ እንደጀመረች ለማወቅ የታክሲውን ረዳት መጠየቅ አለበት። «በቅርቡ ይጀመራል» የተባለውም ሥራ ከእትም ወደ እትም እየተሻገረ ዛሬም በቅርቡ ይጀመራል።

አዳሹን ብቻ መውቀስ ግፍ ነው፤ ሙያውን የተማረው ከላይ ነው። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በ1999 ዓ.ም. ተካሂዶ ወደ 74 ሚሊዮን ሕዝብ ተመዘገበ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። ቀጣዩ ቆጠራ ተራዘመ፤ ደግሞም ተራዘመ። እጃችንን አጣጥፈን ተቀመጥን ማለት ግን አይደለም፤ በ2014 ዓ.ም. የቆጣሪውን መሥሪያ ቤት ስም ከማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ወደ ኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት አድሰናል። ቆጠራው ቢያረጅም ቆጣሪው አዲስ ነው። በ1999 የተወለደው ሕፃን አድጎ ለመምረጥ ደርሷል፤ ቁጥሩ ግን «የቅርብ ጊዜ መረጃ» እየተባለ ገና በአንቀልባ ታዝሏል።

«ትንበያ አለ እኮ!» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። አለ፤ መነሻው ግን ያው የ1999 ቆጠራ ነው። የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ገፍቶት ወደ አሸዋ ሜዳና ወደ ዓለም ገና የጎረፈውን ሰው ያኔ ከየት ያየዋል?

ከእነዚህ አዳሾች የሚልቅ ሊቅ ደግሞ አለ። እሱ ስህተቱን በእርግጥ ያርማል፤ ማረሙን ግን ለማንም አይነግርም። ትናንት አንብቦ ለጥናቱ የጠቀሰው ተማሪ ዛሬ ምንጩን አሳይ ሲባል ቁጥሩ ድራሹ ጠፍቷል፤ ጸሐፊው ትክክል፣ ተማሪው ቀጣፊ ሆኖ ይገኛል። እንዴት ያለ ንጹሕ ሥራ ነው! ቀደምቶቻችን ይህን ጥበብ አልታደሉም። የብራና ጸሐፊ የዘለለውን ቃል ኅዳጉ ላይ ጽፎ የሚገባበትን ቦታ በምልክት ያሳይ ነበር፤ ፍቆ ቢጽፍም ብራናው ያጋልጠዋል። በኋላም በማተሚያ ቤት ዘመን መጽሐፉ ላይ ገጽና መስመር የሚጠቅስ «ስህተት» እና «እርማት» የሚል ሰንጠረዥ ይገባ ነበር። የራስን ጥፋት ዘርዝሮ፣ አትሞ፣ ከዕቃው ጋር አብሮ መሸጥ! ገበያ የማያውቁ ሰዎች ነበሩ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንላለን። የውሃውን ነገር ገፈርሳ በግድቧ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ለአዲስ አበባ ስታደርሰው ኖራለች፤ የቀረን ነገርን ከሥሩ መያዙ ነው። ለዚያ ደግሞ ሦስት መስመር ይበቃል፦ ምን ተብሎ ነበር፣ ትክክሉ ምንድን ነው፣ መቼ ታረመ። የቁጥሩ ዕድሜም ከቁጥሩ ጎን ይጻፍ፤ የ1999 ከሆነ የ1999 ነው ይባል። አዳሽ ሆይ፣ ይህን ማድረግ ካልቻልክ «ተሻሽሎ የቀረበ» አትበለን። «እንደገና የታተመ» በለን፤ እሱ ቢያንስ እውነት ነው።