ጅብ ለአህያ ጠበቃ የቆመ ዕለት

ዳንኤል ኦክረንትና ወዳጆቹ እ.ኤ.አ. በ1980 ኒው ዮርክ ውስጥ የቤዝቦል ተጫዋቾችን በስም ተከፋፍለው ነጥብ መቁጠር ሲጀምሩ አዲስ ጨዋታ የፈጠሩ መስሏቸው ይሆናል። አራዊቱ ግን ቀድመዋቸዋል። ኮረብታው ላይ ተቀምጠው ሜዳው ላይ ጉግስ የሚጫወቱትን ፈረሶች በስም ተከፋፈሉ፤ ፈረሰኛው በዘንግ በመታ ቁጥር ነጥቡ ለፈረሱ ባለቤት ይያዛል። ዓመቱ ሲያልቅ አሸናፊው አንድ ጎተራ በቆሎ ይወስዳል። ፈረስ መለዋወጥ ይቻላል፤ የሚጸድቀው ግን በማኅበርተኛው ድምፅ ነው።

አንድ ቀን አህያ ዳማዋን ለቀበሮ ሰጥታ ሁለት መካከለኛ ፈረሶች ተቀበለች። ዳማው የሜዳው አንደኛ ነው። ከቀበሮ ጋር ለመሪነት የሚተናነቀው አያ ጅቦ ብድግ አለ።

«ጎበዝ! ይቺ ምስኪን ዓይናችን እያየ ትበላ?»

እንባውን ሁሉ አወጣ። ጅብ ለአህያ መበላት ሲያለቅስ ያየ ካለ ይንገረኝ። ቀበሮ እንዳይቀድማቸው የፈለጉት ሁሉ ግን እጃቸውን አወጡ፤ ልውውጡም ተሻረ።

በዚያው ጉባኤ ዝንጀሮ ቦራውን ሰጥቶ የጦጣን ጉራቻ ሲወስድ ማንም አልተነፈሰም። ሁለቱ ፈረሶች በነጥብ እኩያ ናቸው። ቦራው በማለዳ ማንከሱን የሚያውቁት ተለዋዋጮቹ ብቻ ነበሩ።

አህያ ይግባኝ አለች። ዳኛዋ ኤሊ ሁለቱንም ጉዳይ ዋርካው ሥር አስቀረበች።

«ዳማውን ለምን ሰጠሽ?»

«ሌላው ፈረሴ እግሩን ተሰብሮ ተኝቷል። ባዶ ቦታ ነጥብ አያመጣም። በአንድ ጀግና መጨረሻ ከምወጣ ሁለት ደህና ፈረስ ይሻለኛል።»

«አያ ጅቦ፣ ባለፈው ወር ከርከሮ ምርጡን ፈረስ ባንተ ሽማግሌ ፈረስ ሲለውጥልህስ አልቅሰህ ነበር?»

«እሱማ በስምምነት ነው!» አለ ጅብ ጉሮሮውን ጠርጎ።

ኤሊ ወደ ጦጣ ዞረች። እመት ጦጢት ከንፈሯ ላይ የበቆሎ ጺም ተለጥፎባታል፤ አዝመራው ገና አልደረሰም፣ ያለፈው ዓመት በቆሎ ያለው ደግሞ ዝንጀሮ ጎተራ ውስጥ ብቻ ነው።

«ቀብድ ነው?»

ጦጣ አፏን ጠረገች። ዘግይታለች።

«የአህያ ልውውጥ ይጽና» አለች ኤሊ። «ምክንያቷን በአደባባይ ተናግራለች፤ በጓዳ የተቀበለችው የለም። ብትሳሳትም የራሷ ፈረስ ነው። የዝንጀሮና የጦጣ ይፍረስ፤ በቆሎው ለማኅበሩ ይመለስ። ከእንግዲህም ተፎካካሪ በተፎካካሪው ልውውጥ ላይ ድምፅ አይስጥ።»

በዓመቱ መጨረሻ ዳማው የሁሉንም ነጥብ ጠቅልሎ ጎተራውን ለቀበሮ አስገባ። ጅብ «አላልኩም?» እያለ ዋርካው ሥር ተመልሶ መጣ። ኤሊ የሰማችው ልውውጡ በተደረገበት ቀን የታወቀውን እንጂ ከዚያ ወዲህ የሆነውን እንዳልሆነ ነግራ አሰናበተችው። አህያ ከመጨረሻው ወደ አራተኛ ከፍ ብላ ጨረሰች።