የሁለቱ እግሮች አዋጅ

ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

እኛ፣ ቀኝ እግርና ግራ እግር፣ የዐሥሩ ጣቶች አለቆች፣ የሁለቱ ጉልበቶች ተሸካሚዎች («እኛ» ማለታችንም እንደ ነገሥታቱ ልማድ ለክብር ሳይሆን በእርግጥ ሁለት ስለ ሆንን ነው)፣ ከወገብ በላይ ለምትገኙ ሕዋሳት ሁሉ፣ ይልቁንም ለሆድ፣ ለሳንባና ለምላስ፣ እንዲሁም በአዲስ አበባ ከተማ «ሩጫ ልጀምር ነው» እያላችሁ ዘመን ለተሻገራችሁ ወገኖቻችን፤ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

በባለቤታችን ቤት፣ በጽሕፈት ባይሆን በግብር የጸና አንድ መሪ ቃል እስከ ዛሬ ነበረ፤ እርሱም «ሞዐ ብርድ ልብስ ዘእምነገደ አልጋ» የሚል ነው። በዚህ ቃል ጥላ ሥር እኛ ቀን ከጠረጴዛ በታች ተቆላልፈን፣ ማታ ሶፋ ላይ ተዘርግተን፣ ሁለት ፎቅ ለመውጣት ሊፍት ስንጠብቅ፣ አንድ ፌርማታ ለመሄድ ታክሲ ስንሰለፍ ኖረናል። ሆድም ይህን ዝምታችንን አይቶ እንደ ክፉ ጎረቤት የቀበቶን ወሰን እየገፋ፣ ቀድሞ በሦስተኛው ቀዳዳ የነበረውን ድንበር ወደ መጨረሻው ቀዳዳ አሻግሮታል።

ነገሩ ከትዕግሥት በላይ የሆነው ግን ባለፈው ሰኞ ነው። ባለቤታችን እሑድ ማታ የማራቶን ውድድር በቴሌቪዥን ተመልክቶ ልቡ ስለ ተነሣሣ፣ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ፣ ዋጋው የተለጠፈበት ወረቀት ገና ያልተላጠለትን ነጭ ጫማ አጥልቆብን መስቀል አደባባይ ወሰደን፤ ከደረጃው ሥር እንደ ቆመም የመጨረሻው ዙር ደወል የተደወለለት ይመስል ተፈተለከ። ሦስተኛውን የመብራት ምሰሶ ሳናልፍ ሳንባ እጁን ሰጠ፤ ልብ ነጋሪት መታ፤ እኛም ተብረክርከን ደረጃው ላይ ተዘረጋን። ጋቢ የደረቡ አንድ አዛውንት ከዘራቸውን እየተመረኮዙ ሁለት ጊዜ አለፉን፤ በሦስተኛው «አይዞህ ልጄ» አሉ። ሣጥኑን ያነገተ ሊስትሮ ደግሞ ከፊታችን ቁጢጥ ብሎ መጀመሪያ ጫማውን፣ ቀጥሎ የባለቤታችንን ፊት መረመረና፣ ስለ ቀለሙ ትቶ «ጋሼ፣ ታክሲ ልጥራልዎ?» ሲል ጠየቀ።

ወበእንተዝ፣ ይህ ውርደት እንዳይደገም የሚከተለውን ደንግገናል።

አንቀጽ 1፤ ስለ ትርጓሜ። በዚህ አዋጅ ውስጥ «ነገ» ማለት በባሕረ ሐሳብ ቢሰላ የማይገኝ፣ ከጳጉሜን ስድስት ይልቅ ለመምጣት የሚዘገይ ቀን ነው። «ሰኞ» ማለት የሀካይ ሁሉ ቀጠሮ ነው። «ሩጫ» ማለት ደግሞ ከእርምጃ በጥቂቱ የፈጠነ አካሄድ እንጂ ሌባን ማሳደድ ወይም ከሌባ ማምለጥ አይደለም።

አንቀጽ 2፤ ስለ ውርስ። የአገሬው ጀማሪ ትልቁ ስሕተት፣ የእነ አበበ ቢቂላ እግር እንደ ርስት በትውልድ የሚተላለፍ እየመሰለው፣ ያልዘራውን ለማጨድ መነሣቱ ነው። አበበ በጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም፣ አገሩ ለዘመን መለወጫ ችቦ በሚለኩስበት ምሽት፣ ወታደሮች ችቦ ይዘው በቆሙበት የሮማ ጥንታዊ ጎዳና ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ፣ 42 ኪሎ ሜትሩን ከነትርፍራፊው በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የፈጸመው፣ በክቡር ዘበኛ የወታደር ሥርዐት ተገርቶ፣ በስዊድናዊው አሠልጣኝ በኦኒ ኒስካነን እጅ ተሞርዶ ነው እንጂ እሑድ ማታ ቴሌቪዥን አይቶ አይደለም። ስለዚህ በአበበ እግር ላይ የውርስ ክስ ማቅረብ ከዛሬ ጀምሮ ክልክል ነው። በባዶ እግር ለመሮጥ ሮማን ጠቅሶ የሚከራከርም ቢኖር፣ አበበ ያን ጊዜ ጫማውን የተወው የሚመቸው ባለማግኘቱና ባዶ እግሩን የለመደ በመሆኑ እንደ ነበረ፣ በጥቅምት 1957 ዓ.ም ቶኪዮ ላይ ዳግመኛ ሲያሸንፍም ጫማ ማድረጉን ያስታውስ። ለጀማሪ የሚበጀው ጫማ፣ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት የሚተው ነው፤ ነጭነቱ አያስፈልግም።

አንቀጽ 3፤ ስለ ቀኖና። ንስሓ የገባ ሰው በአንድ ቀን ሺህ ስግደት እንደማይታዘዝበት ሁሉ፣ ጀማሪም ቀኖናው በዐቅሙ ይሰጠዋል። አምስት ደቂቃ በእርምጃ ሰውነቱን ያሟሙቅ፤ ከዚያ አንድ ደቂቃ በዝግታ ሮጦ ሁለት ደቂቃ ይራመድ፤ ይህንንም ስምንት ጊዜ ደጋግሞ በአምስት ደቂቃ እርምጃ ይፈጽም። በየሳምንቱ ከሩጫው ጥቂት እየጨመረ፣ ከእርምጃው ጥቂት እየቀነሰ ቢሄድ፣ ሁለት ወር ገደማ ሲሞላው 30 ደቂቃ ሳያቋርጥ ሊሮጥ ይችላል፤ የከበደው ሳምንት ቢኖርም ያንኑ ይድገመው። የሩጫው ቀናት ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ናቸው፤ ሰኞ በአንቀጽ 1 ስለ ተነቀፈ፣ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ «ጾም ነው» የሚል አቤቱታ ስለሚያስነሡ ትተናቸዋል። በመካከል ያሉት ቀናት የእኛ ሰንበታት ናቸው፤ ልብና ሳንባ ፈጥነው ሲበረቱ ጅማትና አጥንት ግን ዘግይተው የሚጠነክሩ ስለ ሆኑ፣ ሳንባ «ቻልሁ» ባለ ጊዜ እኛን ሳይጠይቅ አይጨምር። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ እኛ ከመጀመሪያው እግር ሆነን ሳለ ከእንቁላል የምንቸኩልበት ምክንያት የለም።

አንቀጽ 4፤ ስለ ፍጥነት። ሯጩ እየሮጠ አባታችን ሆይን ወይም ፋቲሓን ትንፋሽ ሳይቆራርጠው ድምፁን አውጥቶ መድረስ ከቻለ ፍጥነቱ ልክ ነው፤ በየቃሉ መካከል ካለከለከ ግን ይራመድ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች፣ አየሯም ከባሕር ዳር አየር በሩብ ገደማ የሳሳ ስለ ሆነ፣ ከዋሽንግተን ለዕረፍት የመጣ የአክስት ልጅ «እዚያ እኮ በየቀኑ ነው የምሮጠው» እያለ ቢገሠግስ የአንድ ሳምንት ትሕትና እንዲገዛ አዝዘናል። እንጦጦና ሱሉልታ ለጊዜው የአትሌቶቹ ይሁኑ። የመንገድ ልጆችም የሚሮጥ ሰው ባዩ ቁጥር «ኃይሌ! ኃይሌ!» ማለት ልማዳቸው ነውና፣ ይህን ስም ሰምቶ ማፍጠን በጥብቅ የተከለከለ ነው፤ እጅ ነሥቶ በያዙት ዝግታ መቀጠል ይገባል።

አንቀጽ 5፤ ስለ ሕመም። በማግስቱና በሠልስቱ ባታችንና ጭናችን ደረጃ ሲወርዱ ቢያቃስቱ አትደንግጡ፤ ይህ የአዲስ ሥራ ምስክር ነውና በጥቂት ቀን ይለቅቃል። አንድ ቦታ ላይ እንደ መርፌ የሚወጋ የጉልበት ወይም የቁርጭምጭሚት ሕመም ግን አቁሙ ማለቱ ነው። ደረቱን የጨመቀው ወይም ራሱን ያዞረው ሰው ወዲያው ቆሞ ሐኪም ይይ፤ የልብ፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ደግሞ ከመጀመሩ በፊት ይጠይቅ። በዚህ አንቀጽ ላይ ቀልድ የለንም።

አንቀጽ 6፤ ስለ ውሾች። የማለዳ ውሻ የሚሮጥን ሰው ሁሉ ጥፋተኛ አድርጎ ያያል። በታየ ጊዜ ወደ እርምጃ ተመልሶ፣ ዓይን ዓይኑን ሳያዩ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ማለፍ ነው። ከእርሱ ጋር መሽቀዳደም የዚህ አዋጅ ዓላማ አይደለም፤ ባለአራት እግር ነውና።

አንቀጽ 7፤ ስለ ተሻሩ ሕጎችና ስለ ቅጣት። «ከበዓሉ በኋላ»፣ «ክረምቱ ይውጣ»፣ «መጀመሪያ ጥሩ ጫማ ልግዛ» የሚሉት ልማዳዊ ሕጎች ተሽረዋል። ሦስት ቀን ያጓደለ ሰው አይወገዝም፣ መቀጫም አይከፍልም፤ ቅጣቱ ካቆመበት ጥቂት ወደ ኋላ ተመልሶ መጀመር ብቻ ነው። የጸና ግን፣ ከ1994 ዓ.ም ጀምሮ በየዓመቱ በሚካሄደው በታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ፣ አሥሩን ኪሎ ሜትር እየሮጡም እየጨፈሩም ከሚፈጽሙት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች መካከል ይሰለፋል፤ በዚያም የሚቀድመውን ሳይሆን የሊስትሮውን ዓይን ያስብ።

አንቀጽ 8፤ ስለ ጽናት ጊዜ። ይህ አዋጅ ዛሬ፣ ማክሰኞ፣ ከማለዳው 12 ሰዓት ጀምሮ የጸና ነው። አዋጁ ሲነበብ ባለቤታችን ዓይኑን ገና አልገለጠም፤ ሆድም «አምስት ደቂቃ ብቻ» የሚል አቤቱታ በምላስ በኩል ሊያቀርብ ሞክሮ፣ ምላስ እንቅልፍ ላይ በመሆኑ ሳይሰማለት ቀርቶአል። እኛ ግን፣ ቀኙ ቀድሞ ግራው ተከትሎ፣ ከብርድ ልብሱ ጠርዝ ወጥተን ቀዝቃዛውን ሲሚንቶ ረግጠናል። ማኅተም ስላልተቀረጸልን፣ ሙቀታችን ወለሉ ላይ የተወው የዐሥር ጣቶች ርጥብ ዱካ ማኅተማችን ይሁን።

ተሞዐ ብርድ ልብስ።