ላሚቱ የናቀችው ድርቆሽ

ከሱሉልታ ያስመጣነው ድርቆሽ ሲራገፍ ከላይ ከላይ ያለው ወርቅ ይመስል ነበር። ከሥር የተጫኑት እስሮች ግን በደንብ ሳይደርቁ የታሰሩ ኖረው፣ ከጊዜ በኋላ ሲፈቱ ግቢው በአመድማ ብናኝ ተሞላ። ላሚቱ አንዴ አሸተተችና ፊቷን አዞረች። ሻጩም ስልክ ማንሳት ተወ።

«ይጣል» ብል አማቴ እንዳልሰማ ሰው አለፉኝ። በእሳቸው ቤት የቅቤ ጣሳ እንኳ ጡረታ አይወጣም።

ወሬው በሰፈር ሲሰማ አማካሪው በዛ። የሻገተ ድርቆሽ በሰው ግቢ እስካለ ድረስ ጥቅሙን የማያውቅ የለም። አንዱ ጎረቤት «ለምርጊት!» አሉ። የጭቃ ሠራተኛው መጥቶ አገላበጠው። ጭቃ የሚፈልገው የጤፍ ጭድ ነው፤ ያ ቀጭንና ልስልስ ስለሆነ ከጭቃው ጋር ይዋሃዳል። ይሄኛው ረጅምና ግትር፣ ያውም ከነዘሩ። «ጋሼ፣ ግድግዳዎ ሣር እንዲያበቅል ነው?» ብሎኝ ሄደ።

ሌላው ለዶሮ ጎጆ ይሁን አለ። የሻጋታ ብናኝ ለዶሮም ለሰውም ሳንባ ጠንቅ ነው፤ ይህን እያስረዳሁት ራሴ በሳል ተቋረጥኩ። ሦስተኛው እናቃጥለው ሲል ክምሩ ራሱ ሊቀድመን እንደሚችል ትዝ አለኝ። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ የታሰረ ድርቆሽ ውስጡ በሚራቡት ረቂቅ ተሕዋስያን ይግላል፤ ክምሩ ትልቅ ከሆነ ከሳምንታት በኋላ እንኳ ክብሪት ሳይነካው ሊቀጣጠል ይችላል። እጄን ወደ መሃል ብሰድ እንደ ምጣድ ፋጀኝ። የዚያኑ ዕለት ማታ በባትሪ በተንነው።

አማቴ «እህሳ፣ የተማርከው ሰውዬ?» ያሉኝ ያኔ ነው። ሩት ስታውት ስለምትባል አሜሪካዊት ነገርኳቸው። ኮነቲከት ውስጥ አትክልት ታለማ የነበረች፣ የወንጀል ምርመራ ልቦለድ ደራሲው የሬክስ ስታውት እህት ናት። በ1955 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ምክሯ አጭር ነው፦ አትቆፍሩ፣ አትኮትኩቱ፤ የተበላሸ ድርቆሽ ወፈር አድርጋችሁ ጎዝጉዙበት። እርጥበት ይይዛል፣ አረም ያፍናል፣ ሲበሰብስም አፈሩን ያደልባል። ድንች እንኳ ሳትቀብር መሬት ላይ ጣል ጣል አድርጋ ድርቆሽ ታለብሰው ነበር። ራሷ ግን አንዳንዴ ልብስ ሳትለብስ ነበር አትክልቷ ውስጥ የምትሠራው፤ ይህን ክፍል ለአማቴ ዘለልኩት።

«ሳይቆፈር? ሰነፍ ነቻ!» አሉ። ቢሆንም ጎመናቸው ሥር አንድ ክንድ በማይሞላ ውፍረት ጎዘጎዙት፤ ግንዱን እንዳያበሰብሰው ብቻ ትንሽ ራቅ አደረጉለት። በጋው ገፍቶ የጎረቤቶቹ ጎመን ሲጠወልግ የእኛው ለመለመ፤ ውኃ መቅዳቱም ቀለለ። እርግጥ የጭቃ ሠራተኛው ትንቢት በመደቡ ላይ ደረሰ፦ በየቦታው ሣር ብቅ ብቅ አለ። «ሴትዮዋ ለዚህስ ምን አለች?» ሲሉኝ፣ ሌላ ድርቆሽ ጨምሩበት እንደምትል ነገርኳቸው።

ሌላ ድርቆሽ ግን አልነበረም። አማካሪዎቻችን ማታ ማታ በማዳበሪያ ከረጢት እየሞሉ ወስደው ጨርሰውታል።

አማቴ በራሳቸው ስልክ ወደ ሻጩ ደወሉ። የማያውቀው ቁጥር ነውና አነሳ።

«ልጄ፣ ያ የተበላሸው ድርቆሽ አለህ?»

ጥቂት ዝም አለና «እናቴ፣ እሱማ ፈላጊው በዝቶ ተወዷል» አላቸው።