አዳፕተር አለ?

አዳማ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ከሚሸጥባቸው ሱቆች ወደ አንዱ ግቡና «አዳፕተር አለ?» በሉ። ባለሱቁ ቀና ሳይል «የላፕቶፕ ነው የዲሽ?» ይላችኋል። «የሌንስ» ስትሉት ግን ቀና ይላል። እኔን ቀና ብሎ አየኝና፣ ሙቀቱ የመታኝ መስሎት ነው መሰለኝ፣ ወንበር ሰጠኝ።

ከወለንጪቲ 25 ኪሎ ሜትር ያህል በሚኒባስ ተጣብቄ የመጣሁት ለዚሁ ነበር። ጦሱ የአጎቴ ነው። አጎቴ በደርግ ጊዜ ሶቭየት ኅብረት ሄዶ እርሻ ተምሯል። ሲመለስ ዲግሪ፣ የጠጉር ቆብ እና ዜኒት ካሜራ ይዞ መጣ። የጠጉር ቆብ ለወለንጪቲ ምን እንደሚፈይድ አትጠይቁኝ። ካሜራው ከሞተ ቆየ፤ ሌንሱ ግን እንደ አጎቴ ነው፣ አርጅቶም ይከብዳል። ፊቱ ላይ ያለውን የሩሲያ ጽሑፍ አጎቴ «ጌሊዮስ 44-2» ብሎ ያነበዋል። እኔ «ሄሊዮስ» ስል «እዚያ የኖርኩት እኔ ነኝ ወይስ አንተ?» ይለኛል።

58 ሚሊሜትር ነው፣ አፐርቸሩ እስከ 2 ይከፈታል። ንድፉን ሩሲያውያኑ የወሰዱት የየናው ዛይስ ከሠራው ቢዮታር ከተባለ የጀርመን ሌንስ ነው። ዛሬ ወጣቱ የሚያብድለት በጉድለቱ ነው፤ ከሚነሳው ሰው ጀርባ ያለውን ቅጠል ክብ ሠርቶ እንደሚጨፍር ሰርገኛ ያዞረዋል። እኔ ሰርግ አነሳለሁ። ሁለተኛ እጅ የገዛሁት ሶኒ ሚረርለስ አለኝ። «ሰርገኛ በነጻ የሚያጨፍር ሌንስ ቤታችን ተቀምጦ!» ብዬ አወረድኩት።

አይገጥምም። የአጎቴ ሌንስ እንደ ሃይላንድ ክዳን የሚጠመዘዝ ነው፤ የሶኒው አፍ ደግሞ አስገብተው ትንሽ ሲያዞሩት ቀጭ የሚል። እኛ የወለንጪቲ ሰዎች አለመግጠምን እናውቀዋለን። በከተማችን ያልፍ የነበረው የድሮው ባቡር ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነው፤ አዲሱ የጅቡቲ መስመር 1,435 ሚሊሜትር። በ435 ሚሊሜትር የተነሳ የድሮው ፉርጎ አዲሱን ሐዲድ ሊረግጠው አይችልም። ለእሱ አዳፕተር አዳማም የለ።

ለሌንስ ግን አለ። የድሮው ካሜራ ሆዱ ውስጥ መስታወት ነበረው፤ መስታወቱ ከፍ ዝቅ የሚልበት ቦታ ስለሚያስፈልግ ሌንሱ ከፊልሙ 45.46 ሚሊሜትር ርቆ ይቀመጣል። ሚረርለስ፣ ስሙ እንደሚለው፣ መስታወት የለውምና የሶኒው ርቀት 18 ብቻ ነው። ቀንሱት፤ 27.46 ይመጣል። አዳፕተር የሚባለው ይህን ያህል ውፍረት ያለው ቀለበት ነው፤ መሃሉ ቀዳዳ። መስታወቱ ለቆት የሄደውን ክፍል ተከራየሁ ብላችሁ ክፈሉ። ሻጩ «ውስጡ የራሱ ሌንስ አለው፣ የተሻለ ነው» ቢላችሁ አትስሙት። የውስጥ ሌንስ ያስፈልግ የነበረው ለምሳሌ ባለ መስታወቱ ኒኮን ላይ ነው፤ የእሱ ርቀት 46.5 ስለሆነ ሌንሱ ገና ሳይገባ ቦታው አልቋል። ለሚረርለስ ግን ቀዳዳው ይበቃል። ደግሞ ሌንሳችሁ 44-ኤም ከሆነ ከኋላው የምትገፋ ትንሽ መርፌ አለችው፤ እሷን የሚጫን ከንፈር ያለው አዳፕተር ካልሆነ አፐርቸሩ እንደተከፈተ ሊቀር ይችላል። የአጎቴ 44-2 መርፌ የለውም፤ ተገላገልኩ።

የአዳማው ባለሱቅ ከወንበር በቀር የሚሰጠኝ ስላልነበረው ዱባይ ላለችው የአክስቴ ልጅ ደወልኩ።

«አዳፕተር ላኪልኝ።»

«የምን?»

«የሶኒ።»

በወሩ በሰው እጅ ደረሰኝ፤ ስፈታው የዱባዩን ባለ ሦስት እግር ሶኬት ወደ ባለ ሁለት እግር የሚቀይር መሰኪያ ነው። «የአጎታችን ሬዲዮ ሶኒ አይደል እንዴ?» አለችኝ። ምን ይባላል?

ሁለተኛው ላይ ተጠነቀቅኩ። ቁጥር አይዋሽም ብዬ «42 ሚሊሜትር ጥርስ ያለው» ብዬ ጻፍኩላት። ቀለበት መጣ፣ ጎሽ! ሌንሱ ሁለት ዙር እንደሄደ ተነከሰ። ለካ 42 ሚሊሜትር ሁሉ አንድ አይደለም፤ የእኛ ጥርስ በአንድ ዙር 1 ሚሊሜትር ይራመዳል፣ ይሄኛው ቲ-2 የሚባለው ለቴሌስኮፕ ነው፣ 0.75 ይራመዳል። የሚፈለገው ስሙ «ኤም 42» ነው።

ሦስተኛው ገጠመ። ካሜራው መጀመሪያ «ሌንስ የለም» ብሎ አሻፈረኝ አለ፤ ሜኑ ውስጥ ያለ ሌንስ ማንሳትን ስፈቅድለት ተስማማ። ቀጥሎ ቅር ያለኝ፣ ሌንሱ ተጠምዝዞ ሲያበቃ ሜትሩ የተጻፈበት ምልክት አናት ላይ መሆን ሲገባው ሩብ ዙር ሲቀረው በጎን ቆመ። በሰው ፊት ጠማማ ሌንስ ይዤ ልቁም? ጊዜው ያለፈበት ኤቲኤም ካርድ ነበረኝ፤ በመቀስ ቀለበት አድርጌ ቆረጥኩትና ሌንሱና አዳፕተሩ መሃል አስገባሁት። የካርዱ ውፍረት 0.76 ሚሊሜትር ነው። ሩብ ዙር ወደ ፊት እምቢ ያለው ሌንስ ሦስት ሩብ ዙር ወደ ኋላ ቀረ፤ ምልክቱ አናት ላይ ቁጭ! ሚስቴን ጠርቼ አሳየኋት።

በእሁዱ ሰርግ ሙሽራዋ ጥርት፣ ቅጠሉ ጭፈራ። ከኋላ በርቀት የተደረደሩት ሽማግሌዎች ግን ጭጋግ ናቸው፤ ቦሰት ተራራማ ጭራሽ የለም። ሌንሱ ላይ የመጨረሻው ርቀት የተኛች ስምንት ቁጥር ናት፣ ዳርቻ የለውም ማለት ነው። ፎከሱን እዚያ ድረስ አዞርኩ፤ ምንም። ማታ ሂሳቡን ሠራሁት፤ 58 ራሱን አባዝቼ ለ0.76 ሳካፍለው 4,400 ሚሊሜትር ከምናምን መጣ። በአንድ ካርድ ምክንያት የእኔ ሌንስ ዳርቻ የለሽ ርቀት 4 ሜትር ተኩል የማይሞላ ሆነ። ከሙሽራዋ ጀርባ ያለው ዘመድ በሙሉ ከዚያ ማዶ ነበር። የሙሽራው አባት «እኔ የትኛው ነኝ?» ብለው ጠየቁኝ፤ በካፖርታቸው ቀለም ለየናቸው።

ስለዚህ አዳፕተር ስትመርጡ በፀጉር ያህል የቀጠነ ይሻላል። የቀጠነው ከተኛችው ስምንት ትንሽ ቀድሞ ተራራውን ይይዝላችኋል፤ የወፈረው መቼም አይደርስበትም።

የእኔ መፍትሔ የተገኘው ከአንድ ሰዓት ሠሪ ነበር። አዳፕተሩን ገልበጥ አድርጎ አየና «እነዚህ ሦስት ብሎኖች ለምን ይመስሉሃል?» አለኝ። በቀጭኗ ካቻቢቴ ላላ አደረጋቸው፣ የውስጡን ቀለበት ሩብ ዙር አዞረ፣ አጠበቀ። ከሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም፤ ገንዘብም አልተቀበለኝም፣ ስቆ ስለጠገበ።

ካርዱን አውጥቼ ጣልኩ። ከሱቁ ደጃፍ ላይ ወደ ቦሰት ደገንኩ፤ ነፋሱ አቧራ እያነሳ ቢሆንም የተራራው ጫፍ ጥርት ብሎ ወጣ። የሙሽራውን አባት በድጋሚ፣ በነጻ፣ ለብቻቸው አንስቼአቸዋለሁ። የዱባዩን መሰኪያ አጎቴ ወስዶታል፤ ሬዲዮው ላይ አልገጠመም።