የኤልክ ደጅ ጥናት

ኧረ ወገኖቼ፣ ምን ዓይነት ዘመን ላይ ጣለን! በእኛ ጊዜ አዳኝ ጥይቱን ቆጥሮ፣ ስንቁን ቋጥሮ ጫካ ይገባ ነበር። የዛሬው አዳኝ የይለፍ ቃሉን ረስቶ የልጅ ልጁን ሲለማመጥ ይውላል። ኮሎራዶ ላይ ያረጃችሁ የአውሮራና የዴንቨር እኩዮቼ፣ የምለውን ታውቁታላችሁ። የዚህን ስቴት ያህል ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን የያዘ ሌላ ስቴት የለም፤ ከሩብ ሚሊዮን በላይ ነው። ኢስተስ ፓርክ ብትሄዱ፣ ሦስት ኩንታል የሚመዝን ወንዱ ጎልፍ ሜዳ ላይ ተጋድሞ ያመሰኳል፤ መንገደኛው ሁሉ መኪናውን አቁሞ ፎቶ ያነሳዋል። እሱ እንዲህ ተንደላቅቆ ሲኖር፣ እኔ ሽማግሌው ደጅ እጠናለሁ።

ደጅ ጥናቱ የሚጀምረው በሁዳዴ ነው። የኤልክ አደን ፈቃድ ማመልከቻው የሚዘጋው በአፕሪል የመጀመሪያው ማክሰኞ፣ በእኛ መጋቢት ማለቂያ ላይ ስለሆነ፣ ሽሮዬን በልቼ ስለ ጥብስ ፎርም እሞላለሁ። ለማመልከት ደግሞ አስቀድሞ ሌላ ፈቃድ መግዛት ግዴታ ነው፤ እኔ የትንንሽ አውሬውን እገዛለሁ። ትንሽ አውሬ ማለት እነ ጥንቸል ናቸው። የተዋሕዶ ልጅ ጥንቸል አይበላ! እንግዲህ ፍረዱኝ፦ የማልበላውን ለመግደል በየዓመቱ እከፍላለሁ፤ የምበላውን ለመግደል ግን ዕጣ እጠብቃለሁ።

ፎርሙ ላይ የሚሞላው ኮዱስ? ስምንት ፊደልና ቁጥር ነው፦ የእንስሳው፣ የጾታው፣ ዩኒት የሚሉት የአደን ቀጠናው፣ የወቅቱ፣ የመሣሪያው።

«አባባ፣ ይሄ ኦ ነው ዜሮ?» ትለኛለች የልጅ ልጄ።

«እኔ ምን አውቄ! ኤልክ ብለሽ ጻፊ፣ ይገባቸዋል።»

«ኤልክ እኮ ኢ ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው አር ጠመንጃ ናት።»

ጠመንጃ አንዲት ፊደል ሆና ቀረች! ውጅግራ፣ ምንሽር፣ ዲሞትፎር ተብሎ በስሙ ይጠራ የነበረ ጠመንጃ!

ከሁሉ የከፋው የአዳኝ ትምህርቱ ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1949 በፊት የተወለደ ሰው ከትምህርቱ ነፃ ነው። እኔ የተወለድኩት በፍልሰታ ነው፤ የየትኛው ዓመት ፍልሰታ እንደሆነ እናቴም አታስታውስም ነበር። ሱዳን ካምፕ ውስጥ ፎርም የሚሞላልን ሰውዬ ልደቱን የማያውቀውን ሁሉ ጃንዋሪ 1 ላይ ወለደው። ለእኔ የደረሰኝ ጃንዋሪ 1፣ 1949 ነው። በአንድ ሌሊት ተበላሁ! ዲሴምበር 31 ቢለኝ ምን ነበረበት? በዚህ ጦስ ድምፃቸው ገና ካልጎረነነ ልጆች ጋር ተደርድሬ «አፈሙዝ ወደ ሰው አይዞርም» ስባል ዋልኩ። ይህን ለአርማጭሆ ሰው! አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ በፈተናው በለጠኝ፤ ኮርጆ ነው።

ዕጣው ሳይወጣላችሁ ሲቀር ፕሪፈረንስ ፖይንት ይሰጣችኋል። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን፣ ይኼማ ዕቁብ ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ ተራውን የጠበቀ ይበላል። ምን ያደርጋል፣ ዕቁብተኛው የማይታወቅ፣ ዳኛ የሌለው ዕቁብ ሆኖ አገኘሁት። ሰዉ በየዓመቱ ይጨምራል፣ ኤልኩ ግን ያው ነው። አምና ይበቃ የነበረው ፖይንት ዘንድሮ አይበቃም። ሰሜን ምዕራብ ጥግ ያሉት ዩኒት 2፣ 10 እና 201 ለትልልቆቹ ወንድ ኤልኮች ከ20 ፖይንት በላይ ይጠይቃሉ፤ የሚገኘው ደግሞ በዓመት አንድ ነው። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ከማመልከቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ሌሎቹ ስቴቶችም ያው ናቸው። ኔቫዳ ፖይንታችሁን በራሱ አባዝቶ ነው ዕጣው ውስጥ የሚከተው፤ አባዝቶ የማያውቅ አያድንም ማለት ነው። ኒው ሜክሲኮ ፖይንት የሚባል ነገር የለውም፤ ግን ከመቶው 84ቱን ለአገሬው ሰው ይዞ፣ በራሱ ለሚያመለክት እንግዳ 6 ይወረውራል። ዩታ ደግሞ የተራራ በግ ከፈቀደላችሁ በዕድሜያችሁ አንዴ ብቻ ነው። ሁሉም ዕጣ፣ ዕጣ! እኔ ዕጣ የሚባል ነገር አልወድም። የእህቴን ልጆች ዲቪ በየዓመቱ ስሞላ ይህንኑ እነግራቸዋለሁ። ሁለቱ ደርሷቸው ሲመጡ ድግስ ደግሻለሁ፤ እሱ ግን ዕጣ ሳይሆን የእግዜር ሥራ ነው።

ልብሱንማ ተዉት። አባቴ አቧራ የለበሰ ጋቢውን አጣፍቶ ነበር የሚያደባው። እዚህ ጠመንጃ የያዘ አዳኝ 500 ስኩዌር ኢንች የሚያንጸባርቅ ብርቱካንማ መልበስ አለበት፤ ከ2016 ወዲህ ደግሞ ሮዝም ይቻላል ተብሏል። ሮዝ! ወንድነት አለቀለት። እኔ የገዛሁት ሮዙን ነው፣ ቅናሽ ላይ ነበር።

አባቴ በውጅግራው ዝሆን ሲጥል ማንን አስፈቀደ? እ.ኤ.አ. በ1944 የንጉሡ መንግሥት የአደን አዋጅ አውጥቷል ይሉኛል፤ እኛ ዘንድ አልደረሰም። ያኔ ዝሆን ገዳይ ጆሮው ላይ ሎቲ አንጠልጥሎ፣ ራሱን ቅቤ ተቀብቶ፣ እየፎከረ አገር ያቋርጥ ነበር። የዱር እንስሳው ብዛት! እኔ ለአቅመ አደን ስደርስ ዝሆኑ አልቆ ስለነበር ጅግራ ነው የገደልኩት፤ ግን ብዛቱን ሲያወሩ እሰማ ነበር። እዚህም እ.ኤ.አ. በ1910 አካባቢ ኮሎራዶ ውስጥ የቀረው ኤልክ አንድ ሺህ እንኳ አይሞላም ነበር፤ ከዋዮሚንግ አምጥተው ነው ያረቡት። የጨረሰው ፈቃድ የማይጠይቅ አዳኝ ነው ይላሉ። ስም ማጥፋት ነው! ፈቃድ የማይጠይቅ ሰው እንዴት አድርጎ አውሬ ይጨርሳል?

ስለዚህ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ የሽማግሌ ምክር ስሙ፦ አታመልክቱ። ሥጋው ጠንካራ ነው፤ አምና አበልጄ ያካፈለኝን ክትፎ አድርጌ ሳልጠግብ አለቀብኝ። በተለይ የጥቅምቱን የመጀመሪያ ወቅት አትንኩ፤ ብርድ ነው፣ ዳገት ነው። ከሁሉም ከሁሉም እኔ ወደማመለክትበት ዩኒት ድርሽ እንዳትሉ። ቁጥሩን አልነግራችሁም።