«እኔ እከፍላለሁ» እና የክንድ ጡንቻ

የሰው ልጅ ከአጥንት ጋር የተያያዙ ከ600 በላይ ጡንቻዎች አሉት። ትልቁ መቀመጫው ላይ ነው፤ ትንሹ ጆሮው ውስጥ። ለክብደቱ ብርቱው የመንጋጋ ጡንቻ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ፌርፋክስ ላይ ሂሳብ ሲመጣ አላዩም ማለት ነው።

ጥናቱ የተካሄደው የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየመው፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ከኦሎምፒክ ቡሌቫርድ ወረድ ብሎ ባለው ሰፈር ነው። አጥኚው ከፓሳዴና በ110 እና በ10 ፍሪዌይ ተጉዟል። ወጪው የቤንዚንና የፓርኪንግ ብቻ ነበር፤ ምክንያቱ ወደኋላ ይታያል።

የተጠናው አንድ ጓደኛዬ ነው። ሶፋዬን ሁለተኛ ፎቅ እንድናወጣው ስለምነው «ወገቤን አሞኛል» ብሎኝ ነበር። አዘንኩለት። በሳምንቱ በያይነቱ በልተን፣ ቡናችንን ጠጥተን፣ አስተናጋጇ ሂሳቡን ስታስቀምጥ ያው ወገብ ከወንበሩ ተፈናጠረ። «እኔ ቁጭ ብዬ? በሞቴ!» ብሎ የእጄን አንጓ ያዘ። ጣትን በዋናነት የሚያጥፉት ክንድ ላይ ያሉ ጡንቻዎች ናቸው፤ በጅማት እየጎተቱ። ስለዚህ የጨመቀኝ ክንዱ እንጂ ጣቱ አይደለም። የጣቱ ምልክት ግን ሰኞም አልለቀቀኝም።

የመጨበጥ ኃይል የዋዛ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 «ላንሴት» ላይ የወጣ የ17 አገሮች ጥናት፣ ጭብጡ የደከመ ሰው የመሞት ዕድሉ ከፍ እንደሚልና ጭብጡም ይህን ከደም ግፊት ልኬት በተሻለ እንደሚጠቁም አሳይቷል። ኢትዮጵያ ከ17ቱ አልነበረችም። ተጠኚዎቹን ያስጨበጧቸውም መሣሪያ እንጂ የወዳጅ እጅ አልነበረም፤ ቁጥሩ ዝቅ ቢል አይገርምም።

ጡንቻ በሙሉ ኃይሉ ሲታገል ያከማቸው ፈጣን ጉልበት ለ10 ሰከንድ ያህል ነው የሚበቃው። የምሩን የሚከፍል ሰው ከዚያ በፊት ካርዱን አስረክቧል። (ከሁሉ የረቀቀው «እጄን ልታጠብ» ብሎ ተነስቶ፣ ከፍሎ የሚመለሰው ነው። ጡንቻ ስላልተጠቀመ ከጥናቱ ወጥቷል።) ሊሸነፍ የመጣ ግን አስረኛዋን ሰከንድ ጠብቆ «እሺ፣ የሚቀጥለው የኔ ነው» ይላል።

ግራ እጅ ለብቻው ሊጠና ይገባዋል። ቀኙ ሲታገል ግራው ቦርሳ ሊያወጣ ኪስ ይገባል። ከገባ በኋላ መውጣት ያቅተዋል። ሐኪሞች ለዚህ ሽባነት እስካሁን ስም አላወጡለትም።

አስተናጋጇ አየችን፣ አየችንና «ለሁለት ልክፈለው?» አለች።

የሁለታችንም እጅ እኩል ተፈታ። እንዲህ ያለ የጡንቻ ማፍታቻ ፋርማሲ ውስጥም የለም። ጓደኛዬ ቀድሞ ነቃና «ኧረ ነውር ነው!» ብሎ ካርዱን ሰጣት።

እኔ እስከ ፓሳዴና የነዳሁት በአንድ እጄ ነው።