ስድስት ሰው ታስተኛለች

የሥራ ባልደረባዬ ባለ ሸራ ጀልባ ሊገዛ ቆርጧል። ብቻውን ከሄደ ያየውን ሁሉ እንደሚገዛ ስለሚያውቅ እኔንና ባለቤቴን ይዞን አናፖሊስ ወረደ። ከሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው፤ በየዓመቱ ኦክቶበር ላይ ወደቡ ውስጥ የሸራ ጀልባ ኤግዚቢሽን ይደረጋል። እኔ በሕይወቴ ጀልባ የተሳፈርኩት አንዴ፣ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ነው፤ እሱንም ዓይኔን ጨፍኜ።

የጀልባዎቹ ወለል እንዳይቧጨር ጫማ ይወለቃል። እንደ ቤተ ክርስቲያን በራፍ ላይ አውልቀን አንዷ ውስጥ ገባን። የቀኝ ካልሲዬ አውራ ጣቱ ላይ መቀደዱን ያወቅሁት ያኔ ነው።

«ስድስት ሰው ታስተኛለች» አለ ሻጩ። ርዝመቷ 12 ሜትር ግድም ነው። ይህን ሒሳብ ግን አውቀዋለሁ፤ የመገናኛ ወያላ «ሁለት ሰው የቀረው!» ሲል የሚቆጥረው ነው።

ጀልባ ወደ አፍንጫዋ እየጠበበች ስለምትሄድ እዚያ ያለው አልጋም አብሯት ይጠባል። ራስጌው እልፍኝ፣ ግርጌው ረከቦት አያክልም። የባልና ሚስት ትከሻ ተራርቆ እግራቸው ይጣላል። ጋደም ብለን ሞከርነው። ባለቤቴ ረግጣኝ ይቅርታ ስትጠይቀኝ በትዳራችን የመጀመሪያዋ ነው፤ ሰው ስላየን ይመስለኛል።

ከኋላ ደግሞ፣ መሪ የሚይዘው ሰው ከሚቀመጥበት ሥር፣ የተሰረሰረ ጉድጓድ አለ። ዳቦ ምድጃ እንደሚገባ በእግር በኩል ይገባበታል። ሌሊት በርግጎ የተነሣ ግንባሩ ከጣሪያው ጋር ይተዋወቃል። ባለቤቴ አጎንብሳ አየችና «ዘመዶችህ ሲመጡ ይጠቅማል» አለች።

ባልደረባዬ ልቡ የቀረው ሌላዋ ጀልባ ላይ፣ በሁለቱም ጎን እየዞሩ የሚወርዱበት ሰፊ አልጋ ጋ ነው። እዚያው ቆመው የነበሩ አንድ ሽማግሌ መርከበኛ ፈገግ አሉ። «ወደብ ላይ ግሩም ነው» አሉት። «ነፋስ ሸራውን ሲሞላው ግን ጀልባዋ በጎኗ ታዘነብላለች፤ አንተም እየተንከባለልክ ግድግዳው ላይ ታድራለህ።» ባሕር ላይ እንቅልፍ ያለው መሐሏ ላይ፣ ማዕበሉ ብዙም በማያነሣትና በማይጥላት ቦታ ነው አሉን። ወስደው አሳዩን፤ ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር ግድም የሆነች አግዳሚ። የሴት አያቴ መደብ! ከፍራሹ ሥር ጠንካራ ሸራ ይወጣና ላይኛው እጀታ ላይ ይታሰራል፤ የተኛው እንዳይወድቅ። አንቀልባ በሉት። ጢማም መርከበኛ ታዝሎ ሲያንቀላፋ በዓይነ ሕሊናዬ መጣብኝ።

ደግሞስ በጉዞ ላይ ስድስቱ አብረው መቼ ሊተኙ? አንዱ ነቅቶ መጠበቅ አለበት፤ ተረኛው ሲነሣ ሌላው ገና ሙቀቱ ያልበረደ ፍራሽ ላይ ይገባል። መርከበኛው ጆሹዋ ስሎከም ከ1895 እስከ 1898 (በፈረንጆቹ) 11 ሜትር በምትሆነው ጀልባው በስፕሬይ ዓለምን ብቻውን የዞረው ያለ ነገር አይደለም። መሪዋን አስሮ ይተኛ ነበር፤ እሷ መንገዷን ራሷ ትይዛለች። አልጋ የሚሻማው ሰው አልነበረውም።

ባለቤቴን ያስደሰታት ምድጃው ብቻ ነው። ጀልባዋ ስታዘነብል እሱ እየተወዛወዘ ቀጥ ይላል። በጣቷ ገፋ አድርጋ ሲመለስ አየችና «ጀበና አይደፋም» ብላ መሰከረች።

በሳምንቱ ባልደረባዬ ደወለ። ሰፊውን አልጋ ገዝቷል። «ቅዳሜ እንወጣለን፤ ሁለት ሰው ነው የቀረን» አለ።

ባለቤቴ ከጓዳ ሰምታው ኖሮ ጮኸች፦ «ወራጅ አለ!»